የስንት ሞዴል

ሰውየው አንዲት አሮጌ ሞተር ሳይክል ለመግዛት አሥራ አንድ ዓመት ፈጀበት። ገንዘብ ቸግሮት እንዳይመስላችሁ፤ ገንዘቡ በመጀመሪያው ዓመት ተሟልቶ ባንክ ገብቷል። መንዳት አያውቅም እንዳትሉም፣ መንጃ ፈቃዱን ከጎረምሳነቱ ጀምሮ በኪሱ ይዞ ይዞራል። ሻጭም አልጠፋም። የጠፋው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የስንት ሞዴል እንደሚገዛ መቁረጥ አቃተው።

ባልደረቦቹ «ግራም» ይሉታል። ቅጽል ስሙ ከወጣለት ብዙ ዘመን ስለሆነ እሱም ሲጠሩት አቤት ይላል። ሥራው ሚዛን መፈተሽ ነው። ጠዋት ከቢሮ ሲወጣ ከናስ የተሠሩ የሚዛን ድንጋዮቹን በሳጥን ደርድሮ ይይዝና ሥጋ ቤት፣ ወርቅ ቤት፣ መድኃኒት ቤት፣ እህል መጋዘን ሳይል ሲዞር ይውላል። ድንጋዩን በባዶ እጁ አይነካም፤ የጣት ወዝ ክብደት ይጨምራል ብሎ ነጭ ጓንት ያጠልቃል። ሚዛኑ ላይ ያስቀምጣል፣ መርፌው እስኪረጋ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል፣ ያነሳል፣ ደግሞ ያስቀምጣል። ሦስቴ ልክ ከመጣ የእርሳስ ማኅተሙን በሽቦ ያስርለታል። ከሦስቱ አንዱ ከተዛነፈ ቀይ ወረቀት ይለጥፍበታል፤ ከዚያ በኋላ ብትለምኑት፣ ብታለቅሱበት፣ ወይ ፍንክች! በመሥሪያ ቤታቸው ሕግ የተጠራጠሩት ሚዛን ማኅተም አያገኝም። ሠላሳ ዓመት በዚህ ሕግ ሠርቶ አንድም ደሀ በእሱ ማኅተም ተጭበርብሮ አያውቅም፤ ይሄን ልንክደው አንችልም።

ችግሩ ሕጉን ይዞት ቤቱ መግባቱ ነው። አሮጌ ሞተር ደግሞ መጠርጠር ለሚፈልግ ሰው ጥርጣሬ አያሳጣም።

ሞተሯ አንድ ዓይነት ናት፤ ለረጅም መንገድ የተሠራች፣ ከፊቷ የነፋስ መከላከያ መስታወት ያላት፣ በግራና በቀኝ ሻንጣ የታቀፈች፣ ከኋላ ለሚቀመጠው ሰው ሰፊ ወንበርና የጀርባ መደገፊያ ያላት። ግራም ስለ እሷ የጻፈው ደብተር ሦስት ሆኗል። የሁለት ሺህ ሦስት ሞዴሏ፣ ዜሮ ሦስቷ፣ ባለ ካርቡራቶር ናት፤ መንገድ ላይ ቀጥ ብትል በአንድ ካቻቢቴና በአንድ ክር ሽቦ ትነሳለች። ነገር ግን ዲናሞዋ ይቃጠላል፤ ሲቃጠል ባትሪዋ ይሞትና ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ታስቀራለች። የዜሮ ስድስቷ ዲናሞ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን አምስተኛ ማርሿ ጥርሱ ይበላል ይባላል። የዜሮ ዘጠኟ ሁለቱም ተስተካክሎላታል፤ ነገር ግን ከብዳለች፣ ወንበሯም ከፍ ብሏል። ግራም ደግሞ ቁመት ሲታደል ዘግይቶ የደረሰ ሰው ነው፤ እሷ ላይ ሲወጣ መሬት የሚያገኘው በጫማው ጫፍ ብቻ ነው። ሁለት ሰው ጭኖ መብራት ላይ ቢቆምና ወደ ጎን ብታጋድልበትስ? ይሄን ጥያቄ ደብተሩ ላይ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።

በዚህ መሀል አንድ መንገደኛ በዜሮ ሰባት አጋማሽ ላይ የወጡት አዲሱን ማርሽ በአሮጌው ዝቅተኛ ወንበር ላይ አጣምረው ይዘዋል ብሎ አወራለት። ተናጋሪው ይሄን ብሎ መንገዱን ቀጠለ፤ ግራም ግን ሁለት ዓመት ሙሉ የዜሮ ሰባት አጋማሽ ሲፈልግ ኖረ። የሻሲ ቁጥር ለማንበብ በማያውቃቸው ሰዎች ግቢ ውስጥ በጀርባው ተኝቶ ስንት ጊዜ ሞተር ሥር ገብቷል! አንዷንም አላገኘም። መኖሯን እስከ ዛሬ እንጃ።

የሞተሩ ምኞት መጀመሪያ የእሱ አልነበረም። የሚስቱ ነው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ መንገድ ዳር ባለው መስኮት ሥር ተተክሏል፤ ሃያ ስንት ዓመት ከዚያ መስኮት ሥር የሰው ሙሽራ ስታስጌጥ፣ የሰው ልጅ የትምህርት ቤት ልብስ ስትሰፋ ኖራለች። እነሱ ልጅ አልወለዱም። አንድ ቀን ታዲያ ባልና ሚስት መንገደኞች በረጅም መንገድ ሞተር መጥተው በሯ ላይ ቆሙ፤ የሻንጣቸው ማሰሪያ ተበጥሶ ነበር። ሰፋችላቸው። ማታ ግራም ሲገባ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ጀመረችለት።

«ዛሬ አንዲት ሴትዮ አየሁ። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ፀጉሯ ጥጥ ነው። ሄልሜቷን ስታወልቅ እንዴት እንደምትስቅ ብታያት! ከባሏ ኋላ ተቀምጣ ሦስት ወሯ ነው አለችኝ።»

«ሦስት ወር? ወገቧስ?»

«አንተ ደግሞ! ወገቧን አልጠየቅኳትም።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኛ ሦስት ቀን ይበቃናል። እህቴ ጋ። በአውቶቡስ ተጠቅጥቀን ሳይሆን እንደነሱ፣ ነፋሱ እየመታኝ።»

ታናሽ እህቷ የምትኖረው በረጅሙ መንገድ መጨረሻ፣ ሐይቅ ዳር ባለች ከተማ ነው። ግራም ሚስቱን ቀና ብሎ አያት። ከተጋቡ ጀምሮ ይሄን ግዛልኝ፣ እዚህ ውሰደኝ ብላው አታውቅም። ሆዱ ባባ። «እወስድሻለሁ» አላት፤ ከልቡ ነው ያለው። በማግስቱ ደብተር ገዛ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነገሩ የቤቱ ቀልድ ነበር። ሚስቱ ደብተሩን «ጣውንቴ» ትለዋለች። እራት ቀርቦ እሱ ደብተሩ ላይ ሲያፈጥ፣ «ጣውንቴ ዛሬ ምን አለችህ?» ትላለች። «ዜሮ ሦስት አጥፊ፣ ዜሮ ዘጠኝ ጣይ ናት ትላለች» ይላል እሱም። ይስቃሉ። በመሀል ሞተሮቹ ይመጣሉ፣ ይሸጣሉ። ጋራዥ ያለው የትምህርት ቤት ጓደኛው ጥሩ በተገኘ ቁጥር ይደውልለታል። ግራም ይሄዳል፤ ዘይቷን በጣቱ ነክቶ ያሸታል፣ ጎማዋን በጥፍሩ ይጫናል፣ ሞተሩን አስነስቶ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፤ ከዚያ «ላስብበት» ይላል። እሱ ሲያስብበት ሌላው ይነዳታል። አንዲት ንጹሕ ዜሮ ስድስት አራት ጊዜ ለሽያጭ ቀርባ አራቱንም ጊዜ ማርሿን ጠርጥሮ መልሷታል። ባለ ጋራዡ አንድ ቀን ትዕግሥቱ አልቆ፣ «አንተ ሰው፣ ሚስትህን ያገባሃት ስንት ዓመት አስበህበት ነው?» አለው። ግራም ከት ብሎ ሳቀ። እውነቱን ለመናገር ያኔ የቆረጠችው እሷ ነበረች።

ሚስቱም በየዓመቱ ዝናቡ ሲያባራ አንድ ጊዜ ትጠይቀዋለች። «ዘንድሮስ?» ትላለች እንደ ቀላል ነገር። «ዘንድሮ እንኳ ቢቆይ ይሻላል፤ ዜሮ ዘጠኞቹ ገና መርከስ ይጀምራሉ» ወይም «ዘንድሮ አንድ ዜሮ ሰባት ጭምጭምታ አለ» ይላል። እሷም «እሺ» ብላ ወደ መኪናዋ ትመለሳለች። ይቺ «እሺ» ናት እሱን ያታለለችው። አንድ ቀን ጮሃበት ቢሆን ኖሮ፣ አንድ ቀን ደብተሩን ወስዳ እሳት ውስጥ ብትወረውረው ኖሮ ምናልባት ይነቃ ነበር። እሷ ግን የምትጮህ ሰው አይደለችም። ሁለት ዓመት ጭራሽ መጠየቋን ተወች፤ ግራምም ቀዝቅዞላታል ብሎ ትንሽ ቀለል አለው። ይሄን ስጽፍ እኔው ራሴ እናደዳለሁ።

በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ ሚስቱ ደብተሩን በእጇ ከደነችበትና «በዚህ ወር እንሂድ» አለችው።

«በዚህ ወር? በጭቃው?»

«በጭቃው። የፈለገችው ሞዴል ትሁን። ብስክሌትም ቢሆን ግድ የለኝም።»

«ምነው፣ ማን አጣደፈሽ?»

«ማንም። ደክሞኛል መጠበቅ።»

ፊቷ ጥቁር ብሏል። ግራም ሥራ በዝቶባት ነው አለ፤ ሲለው ከርሟል። አንድ ሰሞን ወገቤን ያመኛል ብላ የልብስ ስፌቱ ክፍል ሶፋ ላይ መተኛት ጀምራ ነበር፤ ይሄንንም የመኪናው ወንበር ያመጣው ጣጣ ነው ብሎ ትራስ ገዛላት። ትራስ! ሰው ሚስቱን በየቀኑ እያያት እንዴት አያያትም ትሉ ይሆናል። ቀላል ነው፤ ልብሷ ሁልጊዜ ልኳ ነበር።

ባለ ጋራዡ ጋ ያን ሰሞን ሁለት ሞተሮች ቆመው ነበር፤ ያቺ አራት ጊዜ የተመለሰችው ዜሮ ስድስትና አንዲት ዜሮ ዘጠኝ። ግራም ቅዳሜ ጠዋት ሚስቱን ይዟት ሄደ። ሊገዛ ነው እንዳንል ገና አልቆረጠም፤ ሁለቱንም በሁለት ሰው ጭነት ሊፈትናቸው ነው። ጋራዡ ከብረታ ብረት ነጋዴ ግቢ ጋር አጥር ይጋራል፤ ወለሉ ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል፣ ግድግዳው ላይ ቁልፎች እንደየቁመታቸው ተሰቅለዋል። ባለ ጋራዡ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ክንዱን ለሰላምታ ዘረጋላት።

«እህት ዓለም፣ እንኳን መጣሽ። አንቺ ካልመጣሽ ይሄ ሰውዬ እስከ ጡረታው ዘይት ሲያሸትብኝ ይኖራል።»

ሳቀች። ሳቋ አጭር ነበር።

ወንበሩን የሚሸከመው የኋላው ሞላ እንደ ተሳፋሪው ክብደት ይጠብቃል ወይም ይላላል። ልክ ሲሆን ሁለቱ ሲቀመጡበት ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ይላል፤ ከዚያ ካነሰ መንገዱ ወገብ ይመታል። ባለ ጋራዡ ቁልፉን ይዞ ተንበረከከና «ስንት ኪሎ ናት?» አለ።

ግራም ደብተሩን መግለጥ እንኳ አላስፈለገውም። «ስልሳ ስምንት።»

ባለ ጋራዡ በዚያው ልክ አጠበቀው። ግራም ዜሮ ስድስቷ ላይ ወጣ። ሚስቱ የባሏን ትከሻ ተደግፋ ከኋላው ተቀመጠች። ባለ ጋራዡ ሜትሩን ይዞ ጎንበስ አለ፣ ለካ፣ ቀና ብሎ አያት።

«እህት ዓለም፣ እግርሽን አንሺና በደንብ ተቀመጪ እንጂ።»

«ተቀምጫለሁ።»

ደግሞ ለካ። የሞላውን ማጥበቂያ ቀለበት ሦስት ጥርስ አላላው። ለካ። ሁለት ጥርስ ደግሞ አላላው። አሁን ሞላው ሦስት ጣት ዝቅ አለ። ባለ ጋራዡ ቀለበቱ የቆመበትን ቁጥር አይቶ ግራምን አየው፤ «ይሄ እኮ ሃምሳ ለማትሞላ ሰው ነው» አለ፣ ቀስ ብሎ።

የመጀመሪያው ሐሳቡ ምን እንደነበር ግራም ለማንም አልተናገረም፤ እኔ ግን አውቃለሁ። ሞላው ተበላሽቷል ብሎ ነው ያሰበው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ቁጥር አልገጥም ሲለው መሣሪያውን ይጠረጥራል እንጂ ሌላ ነገር ጠርጥሮ አያውቅም። «ሞላዋ ደንድኗል። ብያችሁ ነበር፣ ዜሮ ስድስት አትታመንም!» እያለ ወረደ። ዜሮ ዘጠኟ ላይ አስቀመጣት። ያቺም ሞተር ያንኑ ተናገረች። አሁን ክው አለ፤ ግን ገና አልተሸነፈም። ሚስቱን በክንዷ ይዞ ወደ ጎረቤቱ የብረታ ብረት ግቢ ወሰዳት።

እዚያ ብረት የሚመዘንበት መሬት ላይ የተዘረጋ ትልቅ ሚዛን አለ። ነጋዴው ከወንበሩ ብድግ አለ። «ጋሼ፣ ባለፈው ወር ፈትሸውልኝ የለ እንዴ? ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋህም» አለ ግራም። አንገቱን ሰብሮ ማኅተሙን አየ። የራሱ ነው፤ እርሳሱ ላይ የራሱ ቁጥር ተመትቷል። ሽቦው አልተነካም።

«ሚዛኑ ላይ ውጪ» አላት ሚስቱን።

አየችው። ጫማዋን አወለቀች፤ ለምን እንዳወለቀች እንጃ፣ ባዳ ቤት እንደሚገባ ሰው። ወጣች። መርፌው ሄደ፣ ተመለሰ፣ ረጋ። አርባ ሰባት።

ሌላ ሚዛን ቢሆን ይከራከር ነበር። ይሄኛውን ምን ይበለው?

ነጋዴው ነገሩ ገብቶት ይሁን አፍሮ፣ ስልክ የተደወለለት መስሎ ወደ ውስጥ ገባ። ግራምና ሚስቱ በዛገ ብረት ክምር መሀል ቆሙ።

«መቼ ነው?» አላት።

«ከነገሩኝ ስምንት ወር ሆነኝ።»

«ምን አሉሽ?»

«ዕጢ ነው። ጨጓራዬ ላይ። ሲያገኙት ተስፋፍቷል። አሁን ቢላ አይነካውም አሉኝ።»

«ሌላ ሐኪም እናሳይሻለን። ትልቁ ሆስፒታል አለ፤ ደግሞ ከድልድዩ ማዶ አዲስ የተከፈተ የግል አለ፣ እሱ ጥሩ ነው ይላሉ፣ ወይ ደግሞ...»

«አየህ?» አለችው። «ጀመርክ።»

ግራም ቀና ብሎ ፊቷን አየ።

«ሦስት ሐኪም አይቶኛል። ሦስቱም አንድ ቃል ነው የተናገሩት። አንተስ ሦስቴ ልክ ከመጣ ታምን የለም ወይ?»

«ለምን ደበቅሽኝ?»

«አልደበቅኩህም። እዚያው ፊትህ ነበርኩ።» ቀሚሷን ጎኗ ላይ በሁለት ጣቷ ያዝ አደረገችው። «በየወሩ እየፈታሁ አጠብበው ነበር እንጂ። አንድ ቀን ያየኛል ብዬ አንዱን ሳላጠብበው ለብሼ ቁጭ ብዬም አውቃለሁ። ያን ቀን ስለ ካምቢዮ ነበር ያወራኸኝ።»

ግራም ሊያለቅስ ፈለገ፤ እንባው አልመጣ አለው። ጎንበስ ብሎ ጫማዋን አነሳና እግሯ ሥር አደረገላት፤ ሌላ የሚያደርገው ነገር አልታየውም።

ወደ ጋራዡ ሲመለሱ ባለ ጋራዡ እጁን እየጠረገ ጠበቃቸው። «የቷን?» አለው ግራም ራሱ። «ዛሬ መንገድ ልትወጣ የምትችለው የቷ ናት?»

«ዜሮ ስድስቷ። ግን ያ ማርሿ...»

«አምጣት።»

ሞተሩን አላስነሳም፣ ዘይቷን አላሸተተም፣ ሰነዷን ሳያነብ ፈረመ። ሰው በአሥራ አንድ ዓመት ያቃተው ነገር በአራት ደቂቃ እንደሚያልቅ ያን ዕለት ታየ። ይሄ ደግሞ ከሁሉ የሚያንገበግብ ነው።

እሑድ ማለዳ ተነሱ። ሐኪም ላስፈቅድ ሲላት በዓይኗ ከለከለችው። ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ሹራብ፣ መድኃኒቷን፣ ለእህቷ የሰፋችውን የአንሶላ ስብስብ በሻንጣው ከተቱ። እህቷ በስልክ እየጮኸች ነበር፤ «አብደዋል! እኔ እመጣለሁ፣ እዚያው ቁጭ በሉ!» ትላለች። ሚስቱ ስልኩን ዘጋችባት። ግራም ወንበሩ ላይ አቅፎ አስቀመጣት፣ የሄልሜቷን ማሰሪያ አገጯ ሥር አሰረላት። ፊቷ ሄልሜቱ ውስጥ የልጅ ፊት አከለ።

ከከተማው ሲወጡ መንገዱ ጭር ብሎ ነበር። የተዘጉ ሱቆች፣ ጡብ ፋብሪካው፣ የጭነት መኪና ማቆሚያው አለፉ፤ ከዚያ በግራም በቀኝም ሜዳው ተከፈተ። ዝናብ ያጠበው አየር ፊታቸውን መታው። ግራም በፍርሃት ተኮማትሮ ነበር የጀመረው፤ ቀስ በቀስ ትከሻው ወረደ። ሚስቱ ወገቡን ይዛዋለች። ከዚያ ወደ ጆሮው ጮኸች።

«ፍጥነት ጨምር!»

«ምን?»

«ጨምር! እንደ ሽማግሌ አትንዳ!»

ጨመረ። ጀርባው ላይ ስትስቅ ተሰማው፤ ሳቋ በጃኬቱ አልፎ ደረቱ ውስጥ ገባ። በመታጠፊያዎቹ ላይ ማንም ሳያስተምራት አብራው ታጋድላለች። አንድ ከብት የጫነ መኪና ሲያልፉ እጇን አውለበለበች። «ያችን ወንዝ አየሃት?» ትላለች፤ «አየሃቸው ወፎቹን?» ትላለች። ወጣት ሳለች እንኳ እንዲህ ስትጮህ ሰምቷት አያውቅም። ግራም ምንም አላሰበም። ማርሹ፣ ዲናሞው፣ ዕጢው፣ ሁሉም ከጭንቅላቱ ወጣ። ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄዱ አላየም፤ እሱ፣ ግራም፣ ቁጥሩን አላየም። ይሄ ሁሉ አንድ ሰዓት አይሞላም።

ከዚያ ትከሻውን መታ መታ አደረገችው። ሌላ ነገር ልታሳየው መስሎት ወደ ጎን ተመለከተ። ደግማ መታችው፤ አሁን እጇ ሸሚዙን ጨምድዶ ያዘ። አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ቆመ። ራሷ መውረድ አልቻለችም። አቅፎ አወረዳት፤ ጃኬቱን አንጥፎ አስቀመጣት። አስመለሳት። ደም ነበረው። ሆዷን ይዛ ጎበጠች፤ እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሷ ይወጣል ብሎ አያውቅም። ለባለ ጋራዡ ደወለለት፤ መኪናውን ይዞ እየበረረ እንደሚመጣ ነገረው።

ከብዙ ቆይታ በኋላ ሕመሙ ትንሽ ለቀቅ አደረጋት። ዛፉን ተደግፋ መንገዱን ወደ ፊት አየች፤ መንገዱ ሜዳውን ሰንጥቆ ኮረብታው ላይ ወጥቶ ይጠፋል።

«ጥሩ ነው» አለች። «በጣም ጥሩ ነው።»

ግራም ልቡ ሞቀ። ቢያንስ ይሄን አየች ብሎ አሰበ፤ ቢያንስ ይሄ አልቀረባትም። እጇን ያዘ። «ትንሽ ስታገግሚ እንሞክራለን። ቀስ እያልን፣ በአምስት ቀንም ቢሆን» አላት።

እጇን ከእጁ አወጣች። በቁጣ አልነበረም፤ ዝም ብላ አውጥታ ጭኗ ላይ አኖረችው።

«አሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን ተናድጄብህ አላውቅም» አለች። «ራሴን አሳምኜው ነበር። አቧራ ነው፣ ጩኸት ነው፣ ወገብ ያማል፣ ምን ያደርግልሻል እላለሁ። እንደዚያ እያልኩ ነው የኖርኩት።» ትንፋሽ አጥሯት ቆመች። «ለካ እንዲህ ነው። እንዲህ መሆኑን ባላውቅ ይሻለኝ ነበር። አሁን ተናደድኩብህ።»

ከዚህ በኋላ ዓይኗን ጨፍና መኪናው እስኪደርስ ጠበቀች። ባለ ጋራዡ የኋላውን ወንበር አልጋ አስመስሎ አነጠፈላትና አስተኟት። «ሞተሯን እዚሁ ቆልፋት፣ ነገ እወስዳታለሁ፤ አንተ አጠገቧ ሁን» አለው ግራምን።

እሷ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «እሱ በሞተሩ ይምጣ» አለች።

እንዳለችው መጣ። እስከ ከተማው ድረስ የመኪናውን ኋላ እያየ ነዳ።

አምስት ሳምንት ቆየች። እህቷ ከሐይቁ ከተማ በአውቶቡስ መጥታ አስታመመቻት። ሚስቱ ለግራም ክፉ ቃል አልተናገረችውም፤ ውሃ ስጠኝ ትለዋለች፣ መጋረጃውን ዝጋልኝ ትለዋለች፣ ሾርባው ሲያቃጥል ቀዝቀዝ ያድርግላት ዘንድ ትጠብቀዋለች። ስለዚያ መንገድ ግን አንድም ቀን አላነሳችም። ግራም ይቅርታ ሊጠይቃት ፈለገ። አንድ ቀን ጠዋት እግሯ ሥር ተንበርክኬ ልበላት አለ፤ ያስደነግጣታል ብሎ ተወው። ዝርዝሩን አውጥቼ፣ ጥፋቴን አንድ በአንድ ልናገር አለ፤ ያደክማታል ብሎ ተወው። «ይቅር በይኝ» ብቻ ብልስ አለ፤ አነሰበት። ሲተኛ ያማርጣል፣ ሲነሳ ያማርጣል፣ ኮሪደሩ ላይ ወዲያና ወዲህ እያለ ቃሉን ይቀያይራል። እህቷ አንድ ሁለቴ፣ «ግባና አነጋግራት እንጂ፣ ምን ያንቆራጥጥሃል?» አለችው። «እገባለሁ» አላት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እህቷ ትራሷን ልታስተካክልላት ገባች፤ ወዲያው ጮኸች። ግራም በሩ ላይ ነበር። እጁ እጀታውን ይዟል፤ ምን እንደሚላት ገና አሁን ቆርጦ ሊገባ ነበር።